የገብረ ክርስቶስ ሁለት ክረምቶች

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። ከወልድያ ወደ መርሳ ወርጄ አክስቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቆርቆሮው የዝናቡን ድምፅ አላስችል ሲል፣ ቀደም ሲል ሥዕል ያስተማርኳት አንዲት ልጅ በፌስታል የጠቀለለችውን ሸራ ይዛ ገባች። ሸራ ማለቴ ለአፍ ያህል ነው፤ አቡጀዲ ነው። በኮላ ተለስኖ፣ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ በተገዛ ሲንተቲክ የተቀባ፣ ቀለሙ በአኳራጅ የቀጠነ። መርሳ መኪና ማቆሚያ ላይ ማንጎ የሚሸጡትን ሴቶች ሥላለች። ከጨረሰች ሳምንት አልፏታል፤ ሥዕሉ ግን አሁንም ጣት ይይዛል።

ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። የዘይት ቀለም እንደታጠበ ልብስ ውኃው ተንኖ የሚደርቅ አይደለም። ከአየር ጋር ተዋሕዶ ነው የሚጠነክረው። ሙቀት ይፈልጋል፤ ብርሃን ይፈልጋል። ጨለማ ውስጥ የከረመ የዘይት ሥዕል ደግሞ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ብርሃን ሲያገኝ መልሶ ይጠራል። ስለዚህ ክረምት ለሠዓሊ ጠላቱ ነው፤ በኛም አገር፣ በፈረንጅም አገር።

ልጅቷ የመጣችው ግን ስለ ቀለም ልትጠይቀኝ አልነበረም። ይህ የመጨረሻዬ ነው አለችኝ። ፓስፖርት ለማውጣት ደጅ መጥናት ጀምራለች፤ ወደ ሳዑዲ ልትሄድ ነው። አልገረመኝም። ከሀብሩ፣ ከጉባላፍቶ፣ ከወልድያ ዓረብ አገር የሄዱትን የማውቃቸውን ልጆች ልቁጠር ብል ጣቴ አይበቃኝም። ያስደነገጠኝ ጥያቄዋ ነው። መሳል መቀጠል ለምን እንደሚያስፈልግ ልንገራት ፈለገች። መልስ አልነበረኝም። ቦርሳዬ ውስጥ ግን የገብረ ክርስቶስ ደስታ የግጥም መጽሐፍ፣ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» ነበረ። እሱን አውጥቼ የሰውየውን ታሪክ ጀመርኩላት። ላበረታታት ነበር የጀመርኩት። እየተናገርኩ ስሄድ ግን ታሪኩ እኔ ወደፈለግኩት አልሄድ አለኝ።

ገብረ ክርስቶስ በ1924 ዓ.ም. ሐረር ውስጥ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነጎ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ የብራና መጻሕፍትን በሥዕልና በሐረግ የሚያስጌጡ። ስለዚህ ልጁ ቀለም ያየው ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከአባቱ እጅ ነው። ቀለም እንደሚበጠበጥ፣ ብራና እንደሚለፋ፣ አንድ ገጽ ቀናት እንደሚፈጅ ቤት ውስጥ ያደገበት ነገር ነው። የዘመናዊ ሥዕል ተቺዎች ኋላ ላይ ባህሉን የማያውቅ ሰው አድርገው ሲያዩት ይህችን ነገር የዘነጓት ይመስለኛል።

ለከፍተኛ ትምህርት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲገባ ያጠና የነበረው ሥዕል አልነበረም፤ እርሻ ነበር። (እዚህ ላይ ልጅቷ ሳቀች። የመርሳ ልጅ ናት፤ ሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ማዕከል አጠገቧ ነው፤ ዘመዶቿም እርሻ እንድታጠና ነበር የሚመክሯት።) ሁለት ዓመት ያህል ተምሮ ተወው። በዚያ ዘመን ኮሌጅ የገባ ልጅ ትምህርቱን ጥሎ ሠዓሊ እሆናለሁ ሲል ቤተሰብ ምን እንደሚል መገመት አያስቸግርም። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በጣት ለሚቆጠሩ ሰዎች የተከፈተ በር ነበር፤ እሱ ከዚያ በር ተመልሶ ወጣ።

እ.ኤ.አ. በ1957 የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ጀርመን፣ ወደ ኮሎኝ ከተማ ሄደ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ስለዚህች ከተማ ሳስብ ሁልጊዜ ወልድያ ትመጣብኛለች። ኮሎኝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ክፉኛ ከተደበደቡት ከተሞች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. ግንቦት 30 ቀን 1942 ሌሊት ብቻ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ዘምተውባታል። ጦርነቱ ሲያበቃ የከተማዋ እምብርት ከሞላ ጎደል ፍርስራሽ ነበር፤ ሁለት ማማ ያለው ትልቁ ካቴድራል ግን ከነጉዳቱ ቆሞ ቀረ። ገብረ ክርስቶስ የደረሰው ጦርነቱ ካበቃ ከ12 ዓመት በኋላ ነው። አንድ የሐረር ልጅ፣ እሱም በልጅነቱ የጣሊያንን ወረራ ያየ፣ ገና ቁስሏ ያልጠገገ የፈረንጅ ከተማ ውስጥ ብሩሽ ይዞ ተቀመጠ።

ከዚያ ክረምቱ መጣ።

ቃሉ ራሱ ያስቸግራል። እኛ ክረምት የምንለው ሰማይ የሚያጉረመርምበትን፣ መሬት አረንጓዴ የሚሆንበትን ወቅት ነው። እነሱ ክረምት የሚሉት የኛን በጋ ነው። ታኅሣሥ ላይ ሀብሩ ውስጥ ማሽላ ይታጨዳል፤ ሰማዩ አንድ ደመና አይኖረውም፤ ቀኑ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይረዝማል። በዚያው ቀን ኮሎኝ ላይ ፀሐይ በኛ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ትወጣና አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ትጠልቃለች። ስምንት ሰዓት ብቻ። ያችም ብትሆን አብዛኛውን ጊዜ በደመና የተሸፈነች ናት። ከሐረር ለመጣ ሠዓሊ ብርዱ በካፖርት ይመለሳል፤ የብርሃኑ ማነስ ግን ካፖርት የለውም። ቀዩን ከቡኒው ለመለየት በመስኮት በኩል የምትገባዋን ሰዓት መጠበቅ ነው። አምፖል ሥር የተቀባ ሰማያዊ ጧት ሲያዩት ሌላ ቀለም ሆኖ ይገኛል፤ ይህን የደረሰበት ያውቀዋል።

በስደትና በናፍቆት ስሙ የሚነሳው «አገሬ» የተባለው ግጥሙ የመጣው ከዚህ ዓይነቱ ኑሮ ነው። ግጥሙን እዚህ አልጠቅሰውም፤ አንባቢዬ ቢያንስ ጥቂት ስንኞቹን በቃሉ እንደሚይዝ አምናለሁ። ብዙዎቻችን የአገር ፍቅር ግጥም ብቻ አድርገን እናነበዋለን፤ በበዓል መድረክ ላይ እየተነበነበም ትንሽ ደክሟል። ሠዓሊ ሆናችሁ አንብቡት። አገሩን የሚገልጸው በታሪክና በጀግና አይደለም። በፀሐይ፣ በቀለም፣ በነፋስ ነው። የጎደለውን ነገር እየቆጠረ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ቀለሙ ያለቀበት ሠዓሊ የባዶ ቱቦዎቹን ስም እንደሚጽፍ ዓይነት።

ሥራውን አላቆመም። ከ1957 እስከ 1961 (እ.ኤ.አ.) ኮሎኝ ተምሮ በከፍተኛ ውጤት ጨረሰ። ለብልጫውም ለአንድ ዓመት የሚሠራበት ስቱዲዮ ተሰጠው፤ እዚያው ኮሎኝ ውስጥ የግል ዐውደ ርእይ አሳየ። ጀርመን በዚያ ዘመን ከናዚ አፈና የወጣ ሥነ ጥበቧን እንደገና የምታቋቁምበት ጊዜ ነበር። ናዚዎች ያገዱትና የተዋረደ ጥበብ ብለው ያፌዙበት ኤክስፕረሽኒዝምና ረቂቅ ሥዕል ተመልሶ የክብር ቦታውን ይዞ ነበር። ገብረ ክርስቶስ ከዚህ ማዕድ ተካፍሏል። ግን አስቡት፤ አስተማሪ ነበረው፤ የሚሞቅ ክፍል ነበረው፤ ሥራውን የሚጠብቅ ጋለሪ ነበረ፤ ከሁሉ በላይ የሚመለስበት አገር ነበረው። የመጀመሪያው ክረምቱ እንዲህ ያለ ነበር።

በ1955 ዓ.ም. ገደማ ተመልሶ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። ትምህርት ቤቱ አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት ነው፤ በኋላ እስክንድር ቦጎሲያንም መጥቶ አስተምሮበታል። ሁለቱ በአንድ ግቢ ውስጥ የነበሩባቸው ጥቂት ዓመታት ለኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥዕል ምን ማለት እንደሆኑ ለመናገር ሌላ ጽሑፍ ያስፈልጋል። የገብረ ክርስቶስ «ጎልጎታ» የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ስቅለት ነው፤ ግን ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የምናውቀው ስቅለት አይደለም። ቀዩ ሸራውን ውጦታል። ከአባቱ ብራና ወደዚያ ቀይ የሚወስደውን መንገድ ለማየት ትንሽ መታገስ ይጠይቃል፤ መንገዱ ግን አለ።

ሁሉም አልወደደለትም። ሥዕሉ የኢትዮጵያ አይደለም፣ ከፈረንጅ የተቀዳ ነው የሚሉ ነበሩ። ግጥሙንም ቤት አይመታም፣ ግጥም አይደለም ያሉት አልጠፉም። የእሱ አቋም ጥበብ የዓለም ሁሉ ቋንቋ ነው የሚል ነበር፤ ኢትዮጵያዊነቱን ለማስመስከር ዋልድባና ላሊበላን ሸራ ላይ መደርደር አላሰኘውም። ሰሎሞን ዴሬሳ ገና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስለ እሱ ቁም ነገር ያለው ሐተታ ጽፎለታል። እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጥበብ ሽልማት አገኘ። ከተቺዎቹ ጋር ሆነው ሲታገሉት የቆዩ ሁሉ ያን ቀን ምን እንዳሉ ባውቅ ደስ ባለኝ ነበር።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። የደርግን ዘመን ሥነ ጥበብ የሚያስታውስ ያስታውሰዋል፤ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ምስል፣ የተጨበጠ ቡጢ፣ ቀይ ባንዲራ። ቀይ ያለ ትእዛዝ ለተጠቀመ ሰው ቀይ በትእዛዝ ሲመጣ ከባድ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (በኛ አቆጣጠር) በኬንያ በኩል ወጣ። ወደሚያውቃት ጀርመን ተመለሰ። ያቺ ስቱዲዮ የሰጠችው አገር ግን በዚህኛው ጊዜ የተማሪነት ወንበር አላዘጋጀችለትም፤ ስደተኛ ነበር። ቀጥሎ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ኒውዮርክ ወይም ዋሽንግተን አይደለም የደረሰው፤ ኦክላሆማ ውስጥ ላውተን የምትባል ከተማ ናት። ሜዳ አገር ናት፤ የጦር ሠፈር ያለባት። ብዙም ሳይቆይ በመጋቢት 1973 ዓ.ም. እዚያው ሞተ። ሃምሳ ዓመት አልሞላውም።

ይህን ስነግራት ልጅቷ ዝም አለች። እኔም ደነገጥኩ። ለካ አገር ጥሎ ለመሄድ የተነሳችን ልጅ፣ ተሰዶ በሞተ ሰው ታሪክ አበረታታታለሁ ብዬ ኖሯል። አክስቴ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበርና፣ ይህን ለማውራት ነው እንዴ ልጅቷን በዝናብ ያስመጣሃት አለችኝ። ማንም አላስመጣትም ልል ስል ቡናውን ማቅረብ ጀመረች።

ስለዚህ የራሴን ነገርኳት። ነግሬው የማላውቀውን።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበረችበት ጊዜ እዚያው ነበርኩ። አራት ወር ከምናምን። መብራት የለም፤ ስልክ የለም፤ ባንክ ዝግ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እስል ነበር። ቀለም ስለሌለ ከምድጃ ላይ የተረፈ ከሰል፣ ወረቀት ስለሌለ የድሮ ፈተና ወረቀት ጀርባ። ከዚያ አቆምኩ። ፍርሃትና ረሃብ ብቻ አይደለም ያስቆመኝ። የማየው ሁሉ ለመሳል የሚያስቸኩል አልመስል አለኝ። ዝናቡ አቁሞ፣ መስከረም ጠብቶ፣ ፀሐይዋ እንደ ሁልጊዜው ደምቃ፣ እኔ ውስጥ ግን የኮሎኝ ታኅሣሥ ነበረ። የገብረ ክርስቶስን መጽሐፍ አነብ ነበር፤ እውነት ለመናገር እሱም አልረዳኝም። ጎበዝ ሰው በክፉ ጊዜ ጎበዝ ነበር የሚል ወሬ ዳቦ አይሆንም።

ጥቅምት ውስጥ ጎረቤቴ የሆኑ እናት በሬን አንኳኩ። ልጃቸው ከከተማው ከወጣ ወራት ሆኖታል፤ የት እንዳለ አያውቁም። ፎቶው ያለው ስልካቸው ውስጥ ነው። ስልኩ ባትሪ ጨርሷል፤ የሚሞላበት መብራት የለም። መልኩ ከዓይኔ እየጠፋ ነው አሉኝ፤ ሣልልኝ። ልጁን አላውቀውም ነበር፤ እኔ ወደ ሠፈሩ የገባሁት እሱ ከሄደ በኋላ ነው። እሳቸው እየነገሩኝ እኔ በከሰል ሣልኩ። አፍንጫው አይደለም አሉ፤ በዳቦ ፍርፋሪ አጠፋሁ። (ከሰል የሚጠፋው በዳቦ ነው፤ በዚያ ወቅት ዳቦ ለማጥፊያ ማዋል ኃጢአት ይመስል ነበርና ፍርፋሪውን ኋላ በላሁት፤ ጥቁር ነበር።) ግንባሩ ሰፋ ይበል፣ ጆሮው ወጣ ያለ ነው፣ እንዲህ ሲስቅ አንድ ዓይኑ ቀድሞ ይከደናል። ሦስት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው ምንም ሳይሉ ሄዱ። በማግስቱ ሌላ ሰው አንኳኳ።

እስከ ታኅሣሥ ድረስ አሥራ አራት ፊቶች ሣልኩ። አንዳቸውም ጥሩ ሥዕሎች አይደሉም፤ እንደ አስተማሪ ውጤት ብሰጣቸው ብዙዎቹ አያልፉም። ግን ከዚያ ወዲህ የገብረ ክርስቶስን ሕይወት የማነብበት መንገድ ተቀየረ። ድሮ በሁለቱ ክረምቶች መካከል ያለውን ልዩነት ሳስብ ዕድሜና ጤና፣ ወጣትነትና ድካም ነበር የሚመጣልኝ። አሁን የሚታየኝ በር የሚያንኳኳው ሰው ነው። ኮሎኝ ላይ መምህሩ ነገ የሠራውን ሊያይ ይመጣል። አዲስ አበባ ላይ ተማሪው ይመጣል፤ ተቺውም ቢሆን፣ ሥዕልህ የኛ አይደለም ብሎ ሊጣላው ይመጣል። ላውተን ላይ፣ ከሐረርም ከኮሎኝም ርቆ፣ በአማርኛ ገጣሚ መሆኑን ማን ያውቅለታል? ብርድ ሠዓሊን አይገድልም የሚሉ ሰዎች ግማሹን እውነት ነው የሚናገሩት። ስለ ጽናት ስናወራ ሁሉን ነገር በሠዓሊው ጫንቃ ላይ መጫን እንወዳለን፤ ሥራውን የሚጠብቅለት ሰው መኖር አለመኖሩን አንጠይቅም።

ከሞተ በኋላ ጠባቂው በዛ። ግጥሞቹ በአንድ ጥራዝ ተሰብስበው የታተሙት ከሃያ ዓመታት በላይ ቆይተው ነው። ጀርመን የቀሩ ሥዕሎቹ ወደ አገር ቤት መጥተው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 በስሙ ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ። አዲስ አበባ ያላችሁ አንባቢዎች ስድስት ኪሎ ስትሄዱ ጎራ በሉ። ሥዕሎቹ ተመልሰዋል፤ እሱ ላውተን ነው ያለው።

ልጅቷን አትሂጂ አላልኳትም። ማለትም አልችልም፤ የቤቷን ችግር አውቃለሁ፤ የእኔ የማስተማር ደመወዝም ለማንም ምሳሌ አይሆንም። ሂጂም አላልኳትም። የማንጎ ሻጮቹን ሥዕል ብቻ ደግሜ አየሁት። ከሴቶቹ አንዷ ነጠላዋን በአፏ ይዛ ሳንቲም ትቆጥራለች፤ እጇ ላይ ያለው ጥላ ትክክል ነው፤ ይህን እኔ አላስተማርኳትም።

አክስቴ ሁለተኛውን ቡና እየቀዳች ወደ ሥዕሉ ጠጋ አለች። መነጽሯን ፈልጋ አጣችና ዓይኗን አጥብባ አየችው። ከዚያ ነጠላ በአፏ የያዘችውን እያመለከተች፣ ይህቺ የእከሊት ልጅ አይደለችም እንዴ ብላ ጠየቀች። ናት አለች ልጅቷ። አክስቴ ተቆጣች፤ ለሴትየዋ ሳታሳዪያት እንዴት ታስቀምጪዋለሽ፣ ማክሰኞ ገበያ ስትመጣ እዚህ አመጣታለሁ፣ እስከዚያ ይደርቃል ወይ አለች። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። ፀሐይ ካለ ይደርቃል፣ ከሌለ ነሐሴንም ሊይዝ ይችላል አልኩ።

ሲመሽ ዝናቡ ቀነስ አለና ልጅቷ ሄደች። ሥዕሉን ትታው ነው የሄደችው። አክስቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ ልታስደግፈው ስትል ያዝኳት፤ ጨለማ እንደሚያበላሸው ነገርኳት። እንዲህ ከሆነ ለምን ቀድመህ አትናገርም ብላ አነሳችው፤ ከመስኮቱ ትይዩ፣ ጀበናው ከሚቀመጥበት ረከቦት ጎን፣ ፍሙ ሙቀት በሚሰጥበት በኩል ወንበር ላይ አቆመችው።